በየመንደሩ የቀጠነው ክሎሪን

ሊማ፣ ማርች 20 ቀን 1991

ውድ እህቴ ኔልዳ፣

ደብዳቤሽ እርጥብ ሆኖ ነው የደረሰኝ፤ ገጾቹን በጥፍሬ እያላቀቅሁ አነበብኩት። እኛ እዚህ ቆመን አለን፤ ባለቤቴ ዴልፊናም ሰላም ብላሻለች። ስለ ጤናዬ የጠየቅሽውን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ። መጀመሪያ የክሎሪኑን ልንገርሽ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።

ጀሪካኑ ላይ «ከአስር አንድ» ተብሎ የተጻፈው ግራ ቢያጋባሽ አይደንቀኝም። እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ዲግሪ ያላቸውም ይሳሳቱበታል። አስሩ ውሃው አይደለም፤ አስሩ ጠቅላላው ነው። ቤታችንን አስቢው። ከእማማና ከአክስቶቻችን ጋር ማዕድ ስንቀርብ አስር ነበርን። አባባ ከአስሩ አንዱ ናቸው። የቀረነው ስንት ነን? ዘጠኝ። ክሎሪኑም እንዲሁ ነው፤ ከጀሪካኑ አንድ ጣሳ፣ ከውሃው ዘጠኝ ጣሳ። ያኔ አስር እጥፍ ቀጠነ ይባላል።

ሌላም አለ። እጥፍ ይባዛል እንጂ አይደመርም። አንዴ አስር እጥፍ ያቀጠንሽውን እንደገና አስር እጥፍ ብታቀጥኚው ሃያ አይሆንም፤ መቶ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ አቅጥኚ፤ ከቀጠነውም ለአንድ ባልዲ የመጠጥ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ፤ አማስይውና ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ጀሪካኑን ፀሐይ አይንካው።

የኮሌራው ወረርሽኝ እዚህ ከወደቡ ወደ ኮረብታዎቹ ሰፈሮች ወጥቷል። ጥሬ ዓሣ በሎሚ የሚሸጡት ጠረጴዛቸውን ገልብጠው ሄደዋል። መብራት ይጠፋል፤ ውሃ ሲፈልገው ይመጣል። ናሙናው ደጅ ድረስ ተደርድሮ ይጠብቀናል። ደክሞኛል ማለት አሳፍሮኛል፤ ሁሉም ሰው ደክሞታል።

አባባን አቅፈሽ ሳሚልኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ጀልባቸውን ለጤና ቢሮው ጭነት መስጠታቸውን ስሰማ ኮራሁ።

ወንድምሽ አርቴሚዮ

——

ፓልማ ሶላ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1991

ወንድሜ አርቴሚዮ፣

ሰላም ላንተና ለዴልፊና ይሁን። ለእኔ አትጨነቅ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁም፤ ሁለቱንም በቁሜ ነው እንጂ።

በመጨረሻው ቁራጭ ወረቀትህ ለጠየቅከኝ ጥያቄ መልሴ አዎ ነው። በአንድ ጣሳ ነው የምለካው፤ ጣሳውን ለሌላ ነገር አላውለውም። አንድ እጅ ክሎሪን፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። አልተሳሳትኩም። «እንደገና ቁጠሪ» ያልከኝን ሳነብ ደብዳቤህን ወደ ወንዙ ልወረውረው ነበር። ይቅር በለኝ። አንተም እዚያ ሆነህ ከዚህ በላይ ምን ልታስብ ትችላለህ?

ሰው ግን እየወደቀ ነው። ስኳርና ጨው በጥብጬ አጠጣለሁ፤ በደም ሥር የሚሰጠው አልቋል። የኤርሊንዳ ልጅ ሊስቤት አረፈች። ስለ እሷ አሁን ብዙ አልጽፍም። ከእሷ ቀጥሎ መረብ ሠሪው ሽማግሌም ሄዱ።

ኤርሊንዳ እንደ ሌሎቹ ብትሆን አይከፋኝም ነበር። ሌሎቹ ውሃ ሳያፈሉ ይጠጣሉ፤ የካሳቫ ጠላቸውን፣ ማሳቶውንም፣ በወንዝ ውሃ ይጠምቃሉ። እሷ ግን ያልኳትን ሁሉ ታደርግ ነበር። ባልዲዋን በየማለዳው ይዛ ትመጣለች፤ እኔው በእጄ እጨምርላታለሁ። ልጅቷ ከዚያ ባልዲ ሌላ ምንም አልጠጣችም። ከቀብሩ በኋላ በሬ ላይ ቆማ፣ «አንቺ፣ ያልሽኝን አድርጌ ነበር እኮ» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ደህና ወሬ ከፈለግህ አንድ አለኝ። ሰዉ ክሎሪኑን ለምዶታል። የባሕር ኃይሉ መርከብ ያመጣውን የመጀመሪያውን ጀሪካን የከፈትኩ ሰሞን መሳቂያ አድርገውኝ ነበር። «ነርሷ ማሳቶአችንን የሆስፒታል ወለል አስመሰለችው!» ይሉኝ ነበር። አባባ ማመላለስ ከጀመሩ ወዲህ ግን ማንም አያማርርም። እንዲያውም አንዷ «ውሃሽ አሁን ጣፈጠ፣ መጀመሪያ ሙያው አልነበረሽም» ብላኛለች።

አባባ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤም እሳቸው ናቸው የሚወስዱት።

ኔልዳ

——

ሊማ፣ ሜይ 2 ቀን 1991

እህቴ ሆይ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። አንቺ በሰው መካከል ቆመሽ ስትለኪ እኔ ከወንበር ላይ ሆኜ «ቁጠሪ» ማለቴ ነውር ነው። ኤርሊንዳን አውቃታለሁ፤ እናቷ ከእማማ ጋር ልብስ ታጥብ ነበር። ምን ልበላት? በእኔ ስም ምንም አትበያት።

የእጅ ጽሑፍህ ለምን ተለወጠ ብትዪኝ፣ ብዕሩ ነው።

አሁን በጥሞና አንብቢኝ። ሰዎቹ ማማረር ማቆማቸውን ደህና ወሬ ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔን ግን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ሰው ቢለምደውም ክሎሪን መሽተቱን አይተውም። ሽታው ከጠፋ ክሎሪኑ ጠፍቷል፣ ወይም በጣም አንሷል። አንቺ በትክክል አስር እጥፍ አቅጥነሻል፤ እሱን ተቀብያለሁ። ግን ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው አስቀድሞ የቀጠነ ቢሆንስ? አምስት እጥፍ የቀጠነን አስር እጥፍ ብታቀጥኚው ሃምሳ ይሆናል። የሾርባ ማንኪያሽ ያኔ ለባልዲው ምንም አላደረገለትም ማለት ነው።

ፀሐይና ሙቀት ሊያደክሙት ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ግን ይህን ያህል አያጠፉትም። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ብልቃጥ ልኬልሻለሁ። ክሎሪን ሲያገኝ ቢጫ የሚሆን ጠብታ ነው። አትቅመሺው፤ እጅሽንም አይንካው።

እንዲህ አድርጊ። እሽጉ ያልተነካ ጀሪካን በሌላ መርከብ ከመጣ፣ ከእሱ አንዲት ጠብታ በአንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ጨምሪና በብልቃጡ ቢጫ አድርጊው። በሌላ ሊትር ውሃ ላይ ደግሞ ከምትጠቀሚበት ጀሪካን አንዲት ጠብታ ጨምሪ። ቢጫቸው እኩል ከሆነ እኔ ሞኝ ነኝ። ካልሆነ፣ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከሁለተኛው ጀሪካን ጠብታ በጠብታ ጨምሪበት። የጠብታዎቹ ቁጥር ጀሪካኑ ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ይነግርሻል።

ውጤቱን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ። ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ጀሪካኖቹ ከጤና ቢሮው መጋዘን ወጥተው አንቺ እጅ እስኪገቡ በማን በማን እጅ ያልፋሉ?

አርቴሚዮ

——

ፓልማ ሶላ፣ ሜይ 19 ቀን 1991

አርቴሚዮ፣

ብልቃጡ ሳይሰበር ደርሷል። አባባ በካልሲ ጠቅልለው በብብታቸው ስር ይዘውት ነው የመጡት። «ወንድምሽ ሽቶ ላከልሽ መሰለኝ» ብለው ሳቁብኝ።

ለክትባት የመጡ የባሕር ኃይል ሰዎች እሽጉ ያልተነካ አንድ ጀሪካን ትተውልኝ ስለሄዱ እንዳልከኝ አደረግሁ። የእነሱ ጠብታ ሊትሩን እንደ በሰለ ማንጎ ቢጫ አደረገው። የእኔ ጀሪካን ጠብታ ግን ምንም። ዓይኔን አሸሁ፤ ጠርሙሱን ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጬ አየሁት፤ ምንም። ሁለት አልኩ፣ ሦስት አልኩ። ስምንተኛዋ ላይ እኩል ሆኑ። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ሆነ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ስምንት እጥፍ። እኔ ደግሞ በላዩ አስር። ኤርሊንዳ የወንዝ ውሃ በባልዲ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ በላዩ የወንዝ ውሃ በማንኪያ እጨምርበታለሁ፤ «አሁን ንጹህ ነው፣ ለልጅሽ ስጫት» እላታለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ማንኪያ አደርጋለሁ። ሽታውም ስድቡም ተመልሷል፤ ስድቡ ደስ አለኝ። ግን እንዲህ እየተጠቀምኩ ጀሪካኑ የትም አያደርሰኝም።

በማን እጅ ያልፋል ብለህ ለጠየቅከኝ፣ መልሱን ታውቃለህ። ለምን እኔ እንድጽፈው ታደርገኛለህ? ከመጋዘኑ በር ጀምሮ ያለው አንድ እጅ ብቻ ነው። ከእኛ በላይ ሦስት መንደሮች ላይ ይቆማሉ፤ ቱናንቴ፣ ሳን ኮስሜ፣ ሻፓሂያ። ሦስቱም የጤና ኬላ የላቸውም፤ ሦስቱም በቢሮው ዝርዝር ላይ የሉም።

ትናንት አባባ እዚህ አደሩ። ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠብሼ ሰጠኋቸው። የገመድ አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ «ኔልዲታ፣ ቱናንቴ ላይ ሴቶቹ እጄን ሳሙኝ። ካህን ያደረጉኝ መሰለኝ» አሉ። ለምን እንደሳሟቸው አልጠየቅሁም። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን «ሌላ ዓሣ ልጨምርልዎ?» አልኩ።

ኔልዳ

——

ሊማ፣ ጁን 3 ቀን 1991

ኔልዳ፣

ደብዳቤሽን እንደተለመደው እስከ ፖስታ ቤቱ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ፖስታው ላይ የሞተር ዘይት የነካው የጣት አሻራ አለ። ሳልከፍተው ብዙ አየሁት።

ሒሳቡን ሠርተሽው ይሆናል፤ እኔም ሠራሁት። አንዱ መንደር ላይ ግማሹን ቀድተው በወንዝ ውሃ ቢሞሉት ሁለት እጥፍ ይቀጥናል። በሁለተኛው መንደር እንደገና ግማሹ፣ አራት። በሦስተኛው ስምንት። በእርግጥ የወንዙ ጭቃ ራሱ ክሎሪኑን ስለሚበላው ልኩ ከዚህ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን የምጽፍልሽ ላቦራንት ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ የምጽፈው ስለጠፋኝ።

አልሸጡትም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሸጡት ኖሮ ተናድጄባቸው በተገላገልኩ።

አሁን እንደ ታላቅ ወንድም ልለምንሽ። አትንገሪያቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እማማ ከሞተች ወዲህ የያዛቸው ያ ጀልባ ብቻ ነው። የሊስቤትን ነገር ብትነግሪያቸው ከገመድ አልጋቸው አይነሱም። እኔ ቢሮው ጭነቱን በባሕር ኃይል እንዲልክ የማንንም ስም ሳልጠቅስ እጽፋለሁ። እስከዚያ የሚያመጡልሽን እያንዳንዱን ጀሪካን በጠብታዎቹ እየለካሽ ተጠቀሚበት። ማንም ሳይጎዳ ያልፋል።

ቅር አይበልሽ። የሞቱት አይመለሱም፤ በሕይወት ያሉትን እንኳን እንጠብቅ።

አርቴሚዮ

——

ፓልማ ሶላ፣ ጁን 22 ቀን 1991

ወንድሜ፣

ልመናህን አልሰማሁም። ነገርኳቸው። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ከዚያ ልትሰድበኝ ትችላለህ።

ብልቃጡ ሊያልቅ ነው። ባለፈው ያመጡት ጀሪካን አራት እጥፍ ብቻ ቀጥኖ ነበር፤ ሳልለካው በስምንት ማንኪያ ብጠቀምበት ኖሮ የሕፃናቱን ሆድ አቃጥል ነበር። የሚቀጥለው ስንት እንደሚሆን አላውቅም፤ ወደ አራተኛ መንደር ጎራ ቢሉ አስራ ስድስት ይሆናል። ጠብታው ሲያልቅ እንደገና ዓይነ ስውር እሆናለሁ። ሌላ ልጅ በእጄ ላይ እንድትሞት አልፈልግም፤ ለአባታችን ልብ ስል እንኳን አልፈልግም።

ጀልባው ላይ ሞተሩን እያጸዱ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ጀሪካኑን መንገድ ላይ ከፍተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ቀና እንኳን አላሉም። «አዎ፣ ምን ሆነ? ቱናንቴ ላይ ሰው እንደ ዝንብ ይረግፍ ነበር። ሴቶቹ ውሃው ውስጥ ገብተው ጀልባዋን ያዙብኝ። ‹ካፒቴን፣ ለፓልማ ሶላ መድኃኒት ይዘህ በእኛ ደጅ ታልፋለህ?› አሉኝ። ልለፍ?»

«አይለፉ። ግን ውሃ ለምን ሞሉበት?»

«ጎዶሎ ጀሪካን ባመጣ የቢሮው ሰው ምን ይለኛል? ሌባ ይለኛል። አንቺስ ብትሆኚ? ደግሞ ውሃ ቢሞላበት ምን ይሆናል? ካህኑ ጠበል ሲያጥራቸው ውሃ ይጨምሩበት የለ? ያው ጠበል ነው። እናትሽስ? ከድሮው ማሳቶ አንድ ጣሳ እርሾ ታስቀር አልነበር? ድፍን ገንቦ ያስነሳ ነበር።»

አርቴሚዮ፣ አንተ ከአስር አንድ ብለህ ስታስረዳኝ ገብቶኝ ነበር። አባባ የሚያውቁት ግን ሁለት ዓይነት ውሃ ብቻ ነው፤ ጠበልና እርሾ። ሁለቱም ሲጨምሩባቸው አያልቁም። ክሎሪን ግን እንደዚያ እንዳልሆነ ማን ነገራቸው? ጭነቱን ስናስይዛቸው «ይህ ነገር ውሃ ከነካው ይደክማል» ያላቸው ሰው አለ? የለም። አንተም እኔም አላልናቸውም።

ሁለቱን ጠርሙሶች አምጥቼ ፊታቸው ሠራሁላቸው። ቢጫውን አዩ። ሌላውን አዩ። «ይኼኛው ለምን ነጭ ሆነ?» አሉ። «የእርስዎ ስለሆነ ነው» አልኩ። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም፤ ቃሉ አመለጠኝ።

ጨርቁን አስቀመጡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ደገሙት። ከዚያ፣ «የኤርሊንዳ ልጅ?» አሉ።

«አዎ።»

«ሽማግሌውስ?»

«የእሳቸውን እንጃ። እሳቸው ከየትም ይጠጡ ነበር። ሊስቤት ግን ከእኔ ባልዲ ብቻ ነበር የምትጠጣው።»

ዝናቡ መጣ፤ ሁለታችንም አልተነሳንም። ከዚያ ድምፃቸው ተለውጦ፣ «ቱናንቴ ላይ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው አልሞተም። አንድም። ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ንገሪኝ፤ አንቺ ተምረሻል» አሉኝ።

ቀጥለውም «ብነግርሽ ኖሮስ?» ሲሉኝ መለስኩላቸው። «ቢነግሩኝ ኖሮ በአንድ ማንኪያ ፈንታ ስምንት እጨምር ነበር፤ ሲያልቅም ጮኼ ሌላ አስመጣ ነበር» አልኳቸው። እውነቱ ይኸው ነው። መስጠታቸው አልነበረም የጎዳን። የቀጠነን ነገር ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ካወቅህ ትሠራበታለህ፤ ካላወቅህ ግን ውሃ ነው።

ምሳቸውን አልበሉም። ሞተሩን ሳይገጥሙ ትተውት ዳገቱን ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ ገብቶኝ ከኋላቸው ሮጥኩ፤ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ወደ ኤርሊንዳ ቤት ነው የሄዱት። ይህን የምጽፍልህ እሳቸው ገና እዚያ እያሉ ነው። ምንም ድምፅ አይሰማም።

ኔልዳ

——

ሊማ፣ ጁላይ 11 ቀን 1991

ኔልዳ፣

አልሰድብሽም። ደብዳቤሽን ለዴልፊና ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እርሾው ላይ ስደርስ የቀረውን እንድታነበው ወረቀቱን ሰጠኋት።

ስለ እጅ ጽሑፌ የነገርኩሽን አሁን ላርም። ብዕሩ አልነበረም። የሜይ ሁለቱን ደብዳቤ የጻፈችው ዴልፊና ናት፤ እኔ ተጋድሜ ነበር የምነግራት። ኮሌራው ይዞኝ ነበር። መሐሉ የተቀደደ የሸራ አልጋ ላይ፣ ከስሩ ባልዲ ተደርጎ፣ ራሴ ከምመረምራቸው ሰዎች ጋር ነበርኩ። እንዳትጨነቂ ብዬ ዋሸሁሽ። አባባም እንዳይጨነቁ ብዬ አንቺን ዝም ላሰኝሽ ሞከርኩ። ዝም ማለት በቤታችን እንደ ደግነት የሚቆጠር ነገር ነው፤ ከማን እንደወረስነው አላውቅም። አሁን ድኛለሁ፤ ይህ እውነት ነው፣ ዴልፊና ምስክር ትሁን። ብቻ ደረጃ ስወጣ እግሬ ይንቀጠቀጣል።

ለቢሮው ጽፌ ነበር። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ ጻፍኩ። በአዲሱ ላይ ቱናንቴ፣ ሳን ኮስሜና ሻፓሂያ በዝርዝሩ እንዲገቡ፣ ለአራት መንደር አራት ጀሪካን እንዲላክ ጠየቅሁ። ጫኙ ማን ይሁን የሚለውን አልነካሁም። መልስ አልመጣም፤ ቢመጣም ይዘገያል። አዲስ ብልቃጥ ልኬያለሁ።

ኤርሊንዳ ምን አለቻቸው? ካልነገሩሽ አትጠይቂያቸው። ግን ከነገሩሽ ጻፊልኝ። ሌሊት ስነቃ የማስበው እሱን ነው።

አርቴሚዮ

——

ፓልማ ሶላ፣ ኦገስት 8 ቀን 1991

ወንድሜ አርቴሚዮ፣

ከሞት ተርፈህ ነው በብዕር የምታሳብበው? ስትመጣ እጅህን በጥርሴ ነው የምይዘው። ብላ። ደረጃውን ተወውና ከታች ሥራ ስጡኝ በላቸው።

ወንዙ ጎድሏል፤ አሸዋው ወጥቷል። በዚህ ወር አዲስ በሽተኛ የመጣልኝ ጥቂት ነው። ቢሮው ሁለት ጀሪካን ልኳል፤ አራት አይደለም፤ ግን ሁለት ነው። አባባ የሚቀዱትን አሁን ፊት ለፊት ይቀዳሉ፤ ውሃ አይጨምሩም። ጎዶሎውን ጀሪካን ከጀልባው ሲያወርዱ «ጎዶሎ ነው!» ብለው ይጮኻሉ፤ ሰዉ ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

አሁን የጠየቅኸኝን። አባባ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። የነገረችኝ ኤርሊንዳ ናት፤ እሷም ሳልጠይቃት።

በሯ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ኤርሊንዳ፣ ልጅሽ የሞተችው በእኔ እጅ ነው» አሏት። ቀጥለው ሁሉንም ነገሯት፤ መንደሮቹን፣ ውሃውን፣ ጠርሙሶቹን። እሷ ካሳቫ ትልጥ ነበር፤ መላጧን አላቆመችም። ሲጨርሱ፣ «በእሷ ድርሻ የዳኑት የት ናቸው?» አለቻቸው። «ቱናንቴ» አሉ። «ውሰደኝ» አለቻቸው። አንቱታውን ተወችው፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። ቱናንቴ ሲደርሱ ሴቶቹ እንደ ወትሮው የአባባን እጅ ሊስሙ ተንጋጉ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው፣ «እኔን ተዉኝ፤ እሷን ተቀበሉ» አሉ። እሷ ማን እንደሆነች ግን አልተናገሩም፤ እሷም አልተናገረችም። አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ውሃው ዳር ይጫወቱ ነበር። አንዷ በሊስቤት ዕድሜ የምትሆን መጥታ፣ «እማዬ፣ ዓሣ ልትሸጪ ነው የመጣሽው?» አለቻት። «አይ፣ ላያችሁ ነው» አለቻት። ልጅቷ አጠገቧ ተቀመጠችና ፀጉሯን ሰጠቻት፤ ኤርሊንዳ ጎነጎነችላት። አመሻሽ ላይ ተነስታ፣ «አሁን ቤቴ መልሰኝ» አለቻቸው።

ይህን ስትነግረኝ ባልዲዋን ይዛ ነበር የመጣችው። «ብዙ ናቸው፣ ኔልዳ» አለችኝ። «ልቆጥራቸው ፈልጌ አላረፉልኝም፤ ይሯሯጣሉ።» ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ራሷ ለካችና ባልዲውን አማሰለች። ይቅር አለቻቸው ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ አላለችም። የጠየቃትም የለም።

አባባ ከዚያ ወዲህ እዚህ ሲደርሱ ጀልባዋን ከወደቡ ራቅ አድርገው ነው የሚያስሩት፤ ኤርሊንዳ እንዳታያቸው። ለብዙ ጊዜ እንዲያ አደረጉ። ትናንት ግን ሞተሩ ስለጠፋባቸው ወንዙ ራሱ ገፍቶ ወደቡ ላይ አመጣቸው። ጭቃው ላይ የቆመችው ኤርሊንዳ ብቻ ነበረች፤ ልብስ ታጥብ ነበር። አባባ ገመዱን በእጃቸው ይዘው ቆሙ፤ መወርወርም አልቻሉ፣ መመለስም አልቻሉ። እኔ ከላይ ሆኜ አያቸው ነበር።

እሷ የያዘችውን ሸሚዝ ጨመቀች፤ ድንጋዩ ላይ አሰጣችው። ከዚያ ወደ ውሃው ወረደችና እጇን ዘረጋች። ገመዱን ወረወሩላት። ግንዱ ላይ ሁለት ዙር አዙራ አሰረችው፤ መያዙን ሳብ አድርጋ አየችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

አባባ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብለው ቀሩ። እስኪመሽ አልወረዱም። እኔም ይውረዱ አላልኳቸውም።

እህትህ ኔልዳ